የኮራል አኳሪየም አሸዋን እንዴት እናጸዳለን?

በኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት በሚኖሩበት የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ያለው አሸዋ ለጌጥ ብቻ የተነጠፈ አይደለም። ከዓሣ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመጣውንና ለዓሦች መርዝ የሆነውን አሞኒያ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። ስለዚህ እንደ ድስት ተፈትጎ አይታጠብም። የሚወጣው በመሃሉ የተጠራቀመው ቆሻሻ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የአሸዋውን ጥልቀት ለኩ። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እስከ ታች ማጽዳት ይቻላል። ከ10 ሴንቲ ሜትር ካለፈና ለዓመታት ካልተነካ ግን ከላዩ ብቻ ጥረጉ። ከታች ኦክስጅን ስለሌለ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊኖር ይችላል። አሸዋው በአንዴ ከተገለበጠ ዓሦቹን ሊጨርስ ይችላል።

የምትተኩትን የጨው ውሃ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ጨውም ሙቀቱም ከአኳሪየሙ ጋር እኩል ይሁን። ፓምፖቹንና ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ።

አሁን ወደ ሲፎኑ፣ ማለትም ውሃውንና ቆሻሻውን ስቦ ወደ ባልዲ ወደሚያወጣው መሣሪያ። አፉ ሰፊ የሆነ ቱቦና ቀጭን ጎማ ያለው ይበቃል። ውሃውን ግን በፍጹም በአፋችሁ ስባችሁ አታስጀምሩ። ዞአንቲድ ከሚባሉት ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ አደገኛ መርዝ አላቸው። በእጅ የሚጨመቅ ማስጀመሪያ ያለውን ግዙ።

ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አሸዋው ውስጥ አስገቡ። አሸዋው ቱቦው ውስጥ ይነሳና ይሽከረከራል፤ ቡናማው ቆሻሻ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይሄዳል። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። አሸዋው ከቱቦው አጋማሽ ሲያልፍ ጎማውን በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉ። አሸዋው ይወርዳል። መልሳችሁ ለቀቅ አድርጉት። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሲጠራ አንስታችሁ ከጎኑ አስገቡ። አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ጎማውን ከሞላ ጎደል ተጭናችሁ መያዝ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ባልዲው ውስጥ የምታገኙት አሸዋውን ነው። ከኮራሎቹ ሥር ስትደርሱ ደግሞ እጃችሁን ቀስ አድርጉ፤ አለት የቆመበትን አሸዋ ከሥሩ ካወጣችሁ አለቱ ይናዳል።

በአንድ ጊዜ ከአሸዋው ሲሶ አትለፉ። ከጠቅላላው ውሃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲወጣ፣ ያሰባችሁት ባያልቅም፣ አቁሙ። የቀረው ለሚቀጥለው የውሃ ቅየራ ነው። አሸዋውን በእጅ አማስሎ ማጣሪያው ይስበዋል ማለትን እኔ አልወደውም፤ ቆሻሻው መጀመሪያ የሚያርፈው ኮራሎቹ ላይ ነው።

አዲሱን ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ ፓምፖቹንና ማሞቂያውን መልሱ። በማግስቱ የማጣሪያውን ጨርቅ ቀይሩ፤ አሞኒያም ለኩ።