ቆቅ ጥሎ ጥንቸል የሚያባርረውን ውሻ እንዴት መለስኩት

ቦቢ ጀርመን ሾርትሄር ፖይንተር የሚባል የአደን ውሻ ነው። ጀርመኖች ይህን ዘር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጡት ለወፍም ለባለ ጠጉር አውሬም እንዲሆን ብለው ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ግን ሁለቱ ተደባለቁበት። ቆቅ ሲሸተው አንድ እግሩን አንስቶ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ወፉ ያለበትን የሚያሳየኝ እንዲህ ነው። አጠገቡ ጥንቸል ከተነሳች ግን አለቀ፤ ቆቁን ትቶ ይፈተለካል። ብጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ጥንቸልን ጭራሽ መከልከል አልፈለግኩም። ያንን ፍላጎት ከገደልክበት ግማሹን ውሻ አጣህ ማለት ነው።

የሠራልኝ ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ለቆቅ የአንገት ማሰሪያና 10 ሜትር ገመድ፤ ለጥንቸል ደረቱ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ። ጥንቸል ከሚያረባ ሰው ቆዳ ወስጄ መሬት ለመሬት እየጎተትኩ የሽታ ዱካ ሠራሁለት። ቀበቶውን ሲለብስ አፍንጫውን ደፍቶ ዱካ ይከተላል። በአንገት ማሰሪያው ሲሆን ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይፈልጋል።

ከባዱ ፊሽካው ነበር። አንድ ረዥም ፊሽካ፣ ቁጭ! መጀመሪያ ግቢ ውስጥ የምግብ ሳህኑ ፊት፣ ቀጥሎ እርግብ ስትነሳ፣ መጨረሻ ላይ ሜዳ። ግቢ ውስጥ ሳይጸና ሜዳ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ገመዱን የሚይዘው ሰው ደግሞ ጓንት ያድርግ፤ መዳፍ ይልጣል፣ ወንድሜ ምስክር ነው።

አሁን ጥንቸል ስትነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቃቅሳል፣ ግን ይቀመጣል። ከብት ባለበት ገመዱን አሁንም አልፈታም። ይህ ሁሉ ያለ ጠመንጃ የሚሠራ ልምምድ ነው፤ ለአደኑ ፈቃድ ያስፈልጋል።