በክፍት አየር አዮናይዜሽን ሕይወታዊ ናሙና ሲመረመር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የግራሃም ኩክስ የምርምር ቡድን ዴሲ የተባለውን፣ ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ፈሳሽ ናሙናው ላይ በመርጨት የሚሠራ ዘዴ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የህብረ ሕዋስ ቁራጭን ሳያጣሩና ሳይነጥሉ፣ በክፍት አየር ላይ እንዳለ ሞለኪውሎቹን ወደ አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ወዳለው ቅንጣት) ለውጦ በማስ ስፔክትሮሜትር (የአዮኖችን ክብደት በሚለካ መሣሪያ) መመርመር ተችሏል። ከዚህ ቅለት የሚመነጨው የመጀመሪያው ስህተት የናሙናውን አያያዝ ችላ ማለት ነው። ዴሲ ከህብረ ሕዋስ ላይ በዋናነት የሚያነሣው ሊፒድን (ቅባት መሰል ሞለኪውሎችን) ሲሆን፣ እንዳይበላሽ በፎርማሊን ተይዞ በፓራፊን ሰም የተቀበረ ናሙና ግን በአልኮልና በዛይሊን ሲታጠብ አብዛኛውን ሊፒዱን አጥቷል። ቀዝቅዞ ለሚቆረጥ ህብረ ሕዋስ ማቀፊያ የሚሆነው ኦሲቲ የተባለ ማጣበቂያም ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል) ስላለበት የራሱ አዮኖች የናሙናውን ምልክት ይሸፍናሉ። ስለዚህ ናሙናው እንደተወሰደ ወዲያው ሊቀዘቅዝ፣ የሚመረመረውም ገጽ ከኦሲቲ ነጻ ሊሆን ይገባል።

ከሁሉም በላይ አሳሳቢ ሆኖ የማየው ግን የምልክትን ከፍታ እንደ መጠን ማንበብ ነው። በክሮማቶግራፊ (የውህድን ክፍሎች በሚለያይ ዘዴ) ስላልተነጣጠሉ ጨውም ሊፒድም መድኃኒትም በአንድ ጊዜ ለኤሌክትሪክ ሙል ይሻማሉ፤ በዚህም ምክንያት በሁለት ሕሙማን ደም ውስጥ በእኩል መጠን ያለ መድኃኒት የተለያየ ከፍታ ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔው የዚያኑ መድኃኒት በከባድ አይሶቶፕ (የዚያው ንጥረ ነገር ከበድ ያለ አቶም) የተሠራ አቻ በታወቀ መጠን ጨምሮ የሁለቱን ጥምርታ ማስላት ነው። ወረቀት ላይ የደረቀ ደም በፔፐር ስፕሬይ (ፈሳሽን ከወረቀቱ ጫፍ በኤሌክትሪክ በሚረጭ ሌላ የክፍት አየር ዘዴ) ሲለካም፣ አቻው ወረቀቱ ላይ ኋላ ከሚንጠባጠብ ይልቅ አስቀድሞ ከደሙ ጋር ቢቀላቀል ውጤቱ ይበልጥ የተረጋጋ ይሆናል።

ሞለኪውልን በክብደቱ ብቻ መሰየምም ስህተት ነው። ሉሲንና አይሶሉሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች አንድ ዓይነት ኬሚካዊ ቀመር ስላላቸው፣ መሣሪያው ክብደትን የቱንም ያህል አጥርቶ ቢለካ አይለያቸውም። ቢያንስ አዮኑን ሰባብሮ ስብርባሪውን ከታወቀ ንጹሕ ናሙና ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የዴሲ ፈሳሽ መርጫ ማዕዘንና ከናሙናው ያለው ርቀት ሲለወጥ ምልክቱም ይለወጣልና፣ በየዕለቱ ከሥራ በፊት በመደበኛ ናሙና መፈተሽ አለበት።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው ኮምፒውተር ካንሰርን ከጤነኛ ህብረ ሕዋስ እንዲለይ ሲሠለጥን ነው። ከአንድ ቁራጭ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ስለሚነበቡ፣ የአንዱ ሕመምተኛ ነጥቦች በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ውስጥ ከገቡ ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን ሊያውቅ ይችላል፤ የሚያሳየው ትክክለኛነትም አዲስ ሕመምተኛ ላይ አይደገምም። ክፍፍሉ በሕመምተኛ መሆን አለበት፤ የካንሰሩና የጤነኛው ናሙናም በተለያየ ቀን ለየብቻ ሳይሆን ተደባልቀው መነበብ አለባቸው።