ለትራክ ውድድር ጥልቅ ቸርኬ እንዴት እንደሚመረጥ

አዳማ ላይ ለትራክ ውድድር የሚዘጋጅ ብስክሌተኛ ጥልቅ ቸርኬ፣ ማለትም ጠርዙ ወደ መሃሉ ሰፍቶ የተሠራ ቸርኬ፣ ሊገዛ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የጠርዙ ጥልቀት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ የሚወዳደሩበት ቦታ የተዘጋ ነው ወይስ ገላጣ የሚለው ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ ቦታውን ይለዩ። አየርን ጥሶ ለመሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ጥልቅ ቸርኬ በትራክ ላይ ዋጋ ያለውም ለዚህ ነው። ጣሪያ ባለው ቬሎድሮም (ለብስክሌት ውድድር በተሠራ ሞላላ ሜዳ) ውስጥ የጎን ነፋስ ስለሌለ ከፊት 80 ወይም 90 ሚሊሜትር፣ ከኋላ ደግሞ ሙሉ ዲስክ (ራጂ የሌለው፣ ጎኑ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ቸርኬ) መጠቀም ይቻላል። ገላጣ ቦታ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአዳማን ነፋስ ለማወቅ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የሚሽከረከሩትን የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ማየት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ድንገት ከጎን የሚመጣ ነፋስ ባለ 80 ሚሊሜትሩን የፊት ቸርኬ ሲመታው መሪው ከእጅዎ ሊያመልጥ እንደሚታገል ይሰማዎታል፤ ክርንዎ ይገተራል፣ መስመርዎንም ይስታሉ። የኋላው ቸርኬ ከመሪው ጋር ስላልተያያዘ እንዲህ አያስቸግርም። ስለዚህ ገላጣ ቦታ ላይ ከፊት ከ50 እስከ 60 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ጥልቁን ወደ ኋላ ያድርጉት።

ሁለተኛ፣ ሞዞውን፣ ማለትም አክሱ የሚያልፍበትን የቸርኬውን መሃል፣ ይለኩ። የትራክ ብስክሌት የፊት ሞዞ ስፋት 100፣ የኋላው 120 ሚሊሜትር ነው። እኔ በአንድ ወቅት ከአንድ ሻጭ በርካሽ ያገኘሁት የኋላ ቸርኬ የመንገድ ብስክሌት ሆኖ 130 ሚሊሜትር ወጣ፤ ሹካው ውስጥ ለማስገባት መታገሌ ፍሬሙን ከመጉዳት በቀር ምንም አልፈየደም። ሜትር ይዞ መሄድ ቀላል ነው።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ የካርቦን ቸርኬ ከሆነ ጠርዙን በሳንቲም ቀስ ብለው እያንኳኩ ዙሩን ይጨርሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከሌላው ተለይቶ ከደነዘዘ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ይተውት። የቫልቩም ርዝመት አይዘንጋ፤ የመደበኛ ካላማዳሪ ቫልቭ ከጥልቅ ቸርኬ አልፎ ስለማይወጣ ማርዘሚያ ያስፈልገዋል።

አራተኛ፣ ሁለት ቸርኬዎችን ሲያወዳድሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ለመኪና በተዘጋ ሜዳ ላይ ይፈትኗቸው፤ የትራክ ብስክሌት ፍሬን ስለሌለው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የአዳማ አየር ከባሕር ጠረፍ የሳሳ በመሆኑ እዚህ የያዙትን ሰዓት ከሌላ አገር ሰዓት ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ቤልጄማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰዓቱ ክብረ ወሰን ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው በዚሁ የሳሳ አየር ምክንያት ነው፤ 49.431 ኪሎ ሜትርም ሸፍኗል።

በመጨረሻ ሲገጥሙ የኋላውን ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚያርፍበትን ባለ ጥርስ ክብ) ወደ ቀኝ አጥብቀው፣ ማሰሪያ ቀለበቱን ደግሞ ወደ ግራ ያጥብቁ፤ ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲይዙ ጥርሱ እንዳይፈታ የሚያግደው ይህ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቅ ቀለበት ነው። ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ቀለበቱን በራሱ ቁልፍ፣ የአክሱን ብሎኖች ደግሞ በ15 ቁጥር ቁልፍ እንደገና ያጥብቁ።