የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ ማን ኪስ እንደሚገባ ለማወቅ

አሜሪካ ሆናችሁ ግብር የምትከፍሉ ሁሉ፣ ይሄ የእናንተም ገንዘብ ነው። መንግሥት በየዓመቱ ለገበሬ ብሎ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፣ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ማን እንደወሰደ በስም ማየት ይቻላል። ችግሩ ብዙ ሰው ዝርዝሩን ከፍቶ አንድ ትልቅ ቁጥር ሲያይ ተናዶ ይዘጋዋል። ትንሽ ታገሱት።

መጀመሪያ ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባለው ድርጅት ያዘጋጀውን የእርሻ ድጎማ ዳታቤዝ ፈልጉ። ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለውን ክፍያ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ እየወሰደ በነፃ ያሳያል። በስም ሳይሆን በካውንቲ ጀምሩ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲተያይ ነው ቁጥሩ የሚገባችሁ። ዋናውን ሰነድ ካልያዝኩ የሚል ደግሞ ድጎማውን የሚከፍለው የግብርና መሥሪያ ቤቱ ክፍል፣ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ፣ ራሱ የሚያወጣቸውን የክፍያ ፋይሎች ያውርድ።

ቀጥሎ ገንዘቡ በየትኛው ፕሮግራም እንደተከፈለ እዩ። ድርቅ የመታው ሰው የወሰደው አለ፣ መሬቱን ከእርሻ አሳርፎ ሣር በማልበሱ የሚከፈለው አለ። እነዚህን ከሰብል ድጎማው ጋር አንድ ላይ አትፍረዱባቸው።

የሰብል ድጎማው ላይ ግን ቆም በሉ። ፒኤልሲ የሚባለውን እንውሰድ፤ የገበያው ዋጋ ሕጉ ላይ ካለው መነሻ ዋጋ ሲወርድ ልዩነቱን የሚከፍል ፕሮግራም ነው። ለበቆሎ ሕጉ ላይ የተጻፈው መነሻ ዋጋ ከ2025 ምርት ጀምሮ በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) 4.10 ዶላር ነው። ያለፉት ዓመታት ገበያ ጥሩ ከነበረ ከፍ ሊል ይችላል፣ ለምሳሌ ያህል ግን በዚሁ እንሂድ። የዓመቱ አማካይ ዋጋ 3.80 ቢሆን ልዩነቱ 30 ሳንቲም ነው። 100 ኤከር ተመዝግቦለት በኤከር 120 ቡሼል የተያዘለት ሰው፣ የሚታሰብለት 85 ኤከሩ ብቻ ስለሆነ 3,060 ዶላር ይወጣለታል። 10,000 ኤከር ላለው ስሌቱ 306,000 ይሆናል። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ድሮ የተመዘገበው ኤከር ነው እንጂ ዘንድሮ የተዘራው አይደለም። በቆሎ ባይዘራም ይከፈላል! ድጎማው መሬት ተከትሎ ስለሚሄድ ነው ከላይ ያሉት 10 በመቶ ተቀባዮች ከሰብል ድጎማው ከሦስት አራተኛ በላይ የወሰዱት። (ምስር፣ ሽምብራ፣ ማሽላና ሰሊጥ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጤፍ የለችበትም፣ አይዳሆ ውስጥ ቢያመርቷትም።)

"ጣሪያ የለውም እንዴ?" ትሉ ይሆናል። አለው። ለ2025 ምርት ለአንድ ሰው 155,000 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱም ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል። ግን ባልና ሚስት ለየብቻ ይቆጠራሉ፣ በሽርክና የተመዘገበ እርሻ ደግሞ ጣሪያው በአባላቱ ቁጥር ይባዛል። የ2018ቱ ሕግ የአጎትና የአክስት ልጆችን፣ የወንድምና የእህት ልጆችንም በቤተሰብ አስገብቷል። ከተማ ቁጭ ብሎ "ሥራ አመራሩ ላይ አለሁበት" የሚል ዘመድ በዚህ በር ገብቶ የራሱን ጣሪያ ያገኛል፣ እኔ በበኩሌ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ስለዚህ ከጣሪያው በላይ የሆነ ቁጥር ካያችሁ ስሙ የሽርክና መሆኑን አጣሩ። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ከሆነ የስቴቱ የንግድ ምዝገባ ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገቡ። አንዳንዱ ስቴት አባላቱን ያሳያል፣ አንዳንዱ ወኪሉን ብቻ።

ሌላው፣ አንድ ባለመሬት ስሙ ከሌለ ምንም አልተጠቀመም ማለት አይደለም። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ ካከራየ ክፍያው ለተከራዩ ነው የሚሄደው፣ ኪራዩ ግን ድጎማውን አይቶ ሊንር ይችላል። የእኩል ከሆነ ይካፈላሉ።

አሁን ትልቁ ጉድለት። የሰብል ኢንሹራንስ በስም አይወጣም። መንግሥት በአማካይ ከአረቦኑ ከ60 በመቶ በላይ ይሸፍናል፣ ጣሪያም የገቢ ገደብም የለውም፣ እናም ማን ስንት እንደተሸፈነለት ለሕዝብ አይነገርም። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ማግኘት የምትችሉት የካውንቲውን ድምር ነው፣ የሰብል ኢንሹራንሱን የሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሪስክ ማኔጅመንት ኤጀንሲ፣ በሰብል ዓይነት ከፋፍሎ ያወጣዋል። ያንን ቁጥር አውርዳችሁ መጀመሪያ ካያችሁት የስም ዝርዝር ድምር አጠገብ አስቀምጡ፣ ስም የሌለው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ።