ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ የሚነሳ የሆድ ሕመም፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሔው

ምልክቱ። ከመንዝና ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ማሾ ለመልቀም ወይም ሽንኩርት ለመንቀል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ሠራተኞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሲይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ውሃው ነው። ውሃው በእርግጥ መነሻ ሊሆን ስለሚችል አፍልቶ መጠጣት ግድ ነው፤ ሕመሙ ፀሐይ ሲበረታ የሚብስ፣ ጥላ ሥር ሲያርፉ የሚቀል ከሆነ ግን ሙቀቱን ራሱን መጠርጠር ይገባል።

መነሻው። በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ፣ ለሥራውም ወደ ጡንቻ ስለሚልክ፣ ለአንጀት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ህዋሳት ነው፤ ሲሞቅና ኦክስጅን ሲያንሰው በህዋሳቱ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ይስታሉ፣ ህዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዘው ማሰሪያም ይላላል። ህዋሱ ይህን ለመቋቋም የሙቀት ጫና ፕሮቲኖች የሚባሉትን ያመርታል። ከእነዚህ ኤችኤስፒ 70 ቅርጹን የሳተውን ፕሮቲን ይዞ በትክክል እንዲታጠፍ ሲረዳ፣ ኤችኤስፒ 27 የህዋሱን ውስጣዊ አውታር ያጸናል። ጣሊያናዊው የዘረመል ተመራማሪ ፌሩቾ ሪቶሳ የዚህን ምላሽ የመጀመሪያ ምልክት ያየው በፍራፍሬ ዝንብ ህዋሳት ላይ ሲሆን፣ ግኝቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ለሠራተኛው ዋናው ነገር ግን ጊዜ ነው፦ ፕሮቲኖቹ ለመመረት ሰዓታት ይፈጃሉ፣ በበቂ መጠን የሚከማቹትም ሰውነት ለቀናት በልኩ ሲሞቅ ነው። በወረደ ማግስት ቀኑን ሙሉ የሚያጭድ ሰው ይህ መከላከያ ሳይደርስለት ይጎዳል።

መፍትሔው። ሰውነት ቆላን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ስለሚወስድበት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራው ወደ ማለዳና ወደ አመሻሽ ይዛወር፣ ሰዓቱም ቀስ በቀስ ይጨመር። ይህን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ የመጣን ሰው ከነባሩ እኩል ማሠራት ጤናውን መውሰድ ነውና። ውሃ ጥም ሳይጠበቅ ይጠጣ፣ ተቅማጥ ከያዘ ኦአርኤስ (የጠፋውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ይበጥበጥ፤ አረቄ ይቅር።

ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የአንጀትን ሽፋን በራሱ ስለሚጎዳ፣ በሙቀት ላይ ሲደረብ ጉዳቱ ይብሳል፤ ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድ። ከቤት የተሰነቀው በሶና ቆሎ ግን አይናቅ፦ የገብስና የባቄላ አሰር በአንጀት ባክቴሪያ ሲብላላ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያስገኛል፣ ይህ አሲድ ደግሞ የአንጀት ህዋሳት ከላይ ከተጠቀሱት የሙቀት ጫና ፕሮቲኖች አንዳንዶቹን እንዲያመርቱ እንደሚያነሳሳ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሕመምተኛው ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ ማራገብ፣ እያቀዘቀዙም ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።