አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ስለ ትምህርት ቤታቸው ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። በክራንች ነው የምትሄደው። ሳቂታ ናት፣ ከክፍል አትቀርም፣ ውጤቷም ጥሩ ነው። «ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ስላት መልሷ ሁሌ አንድ ነበር፤ «ጥሩ ነው ቲቸር»። እኔም አምኜ አልፋለሁ። አንድ ቀን ግን ጥያቄውን ቀየርኩት። «ዛሬ ከእንቅልፍሽ ከተነሳሽ ጀምሮ ምን ምን አደረግሽ?» አልኳት። ታጠብኩ፣ ደብተሬን አዘጋጀሁ፣ ዳቦ በላሁ አለች። «በሻይ?» አልኳት። «አይ፣ ጠዋት ሻይ አልጠጣም። ውሃም አልጠጣም። ቤት ስመለስ ነው የምጠጣው።»

ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ሳታቅማማ ነገረችኝ። መጸዳጃ ቤት ለመግባት ሦስት ደረጃ መውጣት አለባት። ወለሉ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ክራንቹ ያንሸራትታል። አንዴ ወድቃለች። ከዚያ ወዲህ ሽንቷ እንዳይመጣ ብላ ጠዋት ጠዋት ምንም አትጠጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ነው የተማረችው። አልደበቀችንም። በሚመለስ መንገድ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 ስለዚህ ጉዳይ ያነሳል። አካል ጉዳተኛ ሕፃናት እነሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን በነፃነት የመግለጽ መብት አላቸው ይላል። በዚያም አያቆምም። በዚህ መብት እንዲጠቀሙ ለጉዳታቸውና ለዕድሜያቸው የሚስማማ እገዛ ሊደረግላቸው ይገባል ይላል። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ እገዛው ላይ ነው። ከታች የዘረዘርኳቸው እኔም የሠራኋቸው፣ ሌሎችም ሲሠሩ ያየኋቸው ስህተቶች ናቸው።

«ምን ይላል?»

እናት ልጇን ይዛ ቢሮ ትገባለች። ልጁ ዓይነ ስውር ነው፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ አንደበቱም የተፈታ ነው። ጥያቄው ግን ለእናትየው ይቀርባል። «ክፍሉን ለምዶታል? ምን ይላል?» ምግብ ቤት አስተናጋጁ ዓይነ ስውሩን ትቶ አጠገቡ ያለውን ሰው «እሱስ ምን ይታዘዝለት?» እንደሚለው ማለት ነው። ልጁ ይህን በለጋነቱ ከለመደው በኋላ «እስኪ ተናገር» ብንለው አይናገርም። ጥያቄ የሱ እንዳልሆነ ተምሯል።

እዚህ ላይ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አስተሳሰባችንም አለበት። ጤነኛ የምንለውን ልጅ እንኳ ሐሳቡን መጠየቅ ብዙም አልለመድንም። ጉዳት ያለበት ልጅ ሲሆን ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ልጁ ዞር ብሎ በስሙ መጥራት። ለእናትየው «እናቴ፣ የእርስዎንም እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ከእሱ ልጀምር» ማለት። እናቶች ቀድመው የሚመልሱት ልጁን ለመጫን ብለው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲከላከሉለት ስለኖሩ ነው። ስለዚህ አናሳፍራቸው። ተማሪው ማየት የማይችል ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንዳለ አስቀድመን እንንገረው። ማን እየሰማው እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ስለ መምህሩ ይናገራል? መስማት ከተሳናት ተማሪ ጋር በአስተርጓሚ ስናወራም ዓይናችን እሷ ላይ ይሁን። «ምን እንደሚከብዳት ጠይቃት» አንበል። «ምን ይከብድሻል?» እንበላት።

«ትምህርት ቤት እንዴት ነው?»

ይህ ጥያቄ ሰላምታ ነው። ሰላምታ ደግሞ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «ደህና ነው» ነው። እንዲህ ተደርገን ነው ያደግነው። ታላቅ ሰው ሲጠይቅ ማማረር ነውር ነው። ልጁ «ጥሩ ነው» ያለን ጨዋ ስለሆነ ነው። መረጃ ግን አላገኘንም።

ትንንሽ፣ የሚጨበጡ ጥያቄዎች ይሻላሉ። ትናንት እረፍት ላይ ከማን ጋር ነበርሽ? ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከየት ነው የምትገለብጠው? ስፖርት ሲኖር አንተ የት ትሆናለህ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «የልጆቹን ሹራብና ቦርሳ እጠብቃለሁ» ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን «እስኪ ትምህርት ቤቱን አስጎብኚኝ» ማለትን ነው። እሷ ትምራ፣ እኛ ከኋላ እንከተል። የት እንደምትቆም፣ የቱን መንገድ ዞራ እንደምታልፍ፣ የትኛውን በር እንደማትነካው እንይ። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ እንዲህ ሲያስጎበኘኝ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ቦይ ጋ ስንደርስ በዘንጉ ጠርዙን መታ መታ አደረገና «ይቺን ሁላችንም በቁጥር እናውቃታለን፤ ከበሩ ሃያ ስምንት እርምጃ ናት» አለኝ። እኔ በየቀኑ አልፋት ነበር።

እንዲህ ያለ ጉብኝት ላይ የምናገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ሕግም የደገፈው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች፣ መጸዳጃ ቤታቸውም ጭምር፣ ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዟል። ልጅቷ ስለ ደረጃው ስትናገር የጠየቀችን ውለታ አልነበረም።

«አስተያየታችሁን ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ»

የአስተያየት ሳጥን በብዙ ትምህርት ቤቶች አለ። ስም አይጻፍበትም፣ ስለዚህ ነፃነት ይሰጣል እንላለን። ለማን? በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ዓይነ ስውር ተማሪ በብሬል፣ በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች፣ ጽፎ ሲከት ወረቀቱ ላይ ስሙን የጻፈ ያህል ነው። ነጥቦቹ ራሳቸው ያሳብቁበታል። በዚያ ላይ ብሬል ማንበብ የሚችለው የሪሶርስ ሴንተሩ (የልዩ ፍላጎት ድጋፍ መስጫ ክፍሉ) መምህር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅሬታው በእሱ ላይ ቢሆንስ?

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤት ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ የለም፣ ብዙዎቹም ቋንቋውን የሚያገኙት ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። የጽሑፍ አማርኛ ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እና በተሰባበረ አማርኛ የተጻፈውን አስተያየት አንብበን «ሐሳቡ አልበሰለም» እንላለን። በምልክት ቢናገር ኖሮ አፋችንን ያስይዘን ነበር።

በምልክት ቋንቋ ሲናገሩም አንድ ወጥመድ አለ። አስተርጓሚው ራሱ የክፍል መምህራቸው ይሆናል። ልጁ ስለ መምህሩ ያለውን ቅሬታ በመምህሩ እጅ አስተላልፍ እየተባለ ነው። ማንም አያደርገውም።

የሚሻለው ብዙ መንገድ ከፍቶ ተማሪው እንዲመርጥ መተው ነው። በቃል፣ በምልክት፣ በብሬል፣ በስልክ ድምፅ ቀድቶ፣ ከጓደኛ ጋር ሆኖ። ማን እንዲሰማው እንደሚፈልግም ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ወይም የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ማግኘት በሚቻልበት ከተማ ከአባላቱ አንድ ሰው ጋብዞ ከልጆቹ ጋር ማስቀመጥ ትልቅ ለውጥ አለው። ዓይነ ስውር ጎልማሳ ፊት ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቼ አውቃለሁ። ለእኔ በሦስት ዓመት ያልነገሩኝን በአንድ ከሰዓት አወሩት።

«ቶሎ በል፣ ሊደወል ነው»

ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴንና ንግግርን ሊያስቸግር የሚችል የአንጎል ጉዳት) ያለበት ወይም የሚንተባተብ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ መሃል ላይ ገብተን እንጨርስለታለን። ለመርዳት ነው። ግን የጨረስነው የራሳችንን ሐሳብ ነው፤ እሱም ደክሞት «አዎ» ይላል። እንጠብቅ። ዝምታው ቢረዝምም እንጠብቅ። ካልገባን «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» እንበል እንጂ የገባን አንምሰል። ልጆች ያውቁብናል።

«እሱ አይናገርም»

በአፉ አይናገርም ማለት ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የጠዋቱ ሰልፍ ላይ ጆሮውን ይዞ ከመስመር ሲወጣ ስለ ድምፅ ማጉያው እየነገረን ነው። ለአንዷ ረዳት እጁን ሰጥቶ ከሌላዋ ሲሸሽ አስተያየት ሰጥቷል። «አስቸጋሪ ባሕርይ» ብለን መዝገብ ላይ ከመጻፋችን በፊት መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሆነ ለሁለት ሳምንት ብንመዘግብ ብዙ ነገር ይነበባል።

ሥዕልም ይረዳል። ስልካችን ካሜራ አለው። የክፍሉን፣ የሜዳውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን፣ የምሳ ቦታውን፣ የሰልፉን ፎቶ አንስቶ ማሳተም። ሦስት ሣህን ማስቀመጥ፤ አንዱ የምወደው፣ አንዱ የማልወደው፣ አንዱ እንደ ነገሩ የሆነ። ልጁ ፎቶዎቹን ይመድብ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ተማሪዎች ጋር ይህ በቃል ከመጠየቅ በብዙ ይሻላል።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። «ትወደዋለህ?» ስንል «አዎ» የሚል ልጅ አለ፤ «ትጠላዋለህ?» ስንለውም «አዎ» ይላል። ሊያስደስተን ፈልጎ ነው። ሌላው የመጨረሻውን ቃል ይደግማል። «ሜዳ ወይስ ክፍል?» ሲባል «ክፍል» ይላል። ቅደም ተከተሉን ቀይረን በሌላ ቀን እንጠይቅ። መልሱ ከተቀየረ ገና አልሰማነውም ማለት ነው።

«አይዞሽ፣ ሚስጥር ነው»

ይህን ቃል አንስጥ። ልጅቷ እየተመታች ወይም ሰው እየደፈራት እንደሆነ ብትነግረን ዝም ማለት አንችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እውነቱን እንንገራት። «የምትነግሪኝን ለማንም አላወራም። የሚጎዳሽ ሰው ካለ ግን እንዲያቆም ለማድረግ ለሚመለከተው ሰው እናገራለሁ። ለማን እንደምናገርም ቀድሜ እነግርሻለሁ።» ቦታውም የመምህራን ማረፊያ ክፍል አይሁን። ዩኒት ሊደሩ እየገባ እየወጣ ማን አፉን ይከፍታል?

«ኅዳር 24 ግጥም ታነባለች»

የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲደርስ አንድ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ይመረጣል። ግጥሙን የጻፈው መምህር ነው። ስለ ምስጋና ነው። ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። በዓሉን አልጠላም፤ ልጆቹም መድረኩን ይወዱታል። የተማሪ ድምፅ ብለን ግን አንቁጠረው። አንድ ዓይነ ስውር ጎበዝ ተማሪም መስማት ለተሳናቸው፣ ለዊልቸር ተጠቃሚዎች፣ ለሁሉም ሊናገር አይችልም። የሌላውን ሕይወት በምን ያውቀዋል? በተማሪዎች ፓርላማና በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ቦታ ይኑራቸው። አጀንዳው ሲዘጋጅም ይኑሩበት።

«እናየዋለን»

ልጆች የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው። ጠየቅናቸው፣ ነገሩን፣ ጻፍን፣ ጠፋን። በሚቀጥለው ስንመለስ «ጥሩ ነው» ይሉናል። ይህ «ጥሩ ነው» ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንመልስ። የሚቻለውን «ይሄ ተሠርቷል»፣ የማይቻለውን «ይሄ በጀት የለውም፤ ለወረዳው ጽፈናል» እንበል። መጥፎ መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል። ከአነስተኛው መጀመርም ይቻላል። የመቀመጫ ቦታ መቀየር፣ አንድን ክፍል ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ መንገር ምንም ብር አይፈልግም።

የስድስተኛ ክፍሏ ልጅ ጉዳይ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ደረጃው ጎን በሲሚንቶ መወጣጫ ተሠራ፣ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ተበየደ፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ከእረፍት በፊት ወለሉን ማድረቅ ጀመረች። ሲያልቅ ጠራኋትና እንድታየው አደረግኩ። ወጣች፣ ወረደች፣ ብረቱን በእጇ ነቀነቀችው። ከዚያ ዞር አለችና «ቲቸር፣ የላይብረሪው በርም አለ እኮ፤ እሱ ደግሞ ራሱ ይዘጋብኛል» አለችኝ።