ሹፌር እንዳያየን የሚያደርጉ የሞተረኛ ስህተቶች

ጅማ ላይ ሞተርና መኪና በተጋጩ ቁጥር አንድ ቃል አይቀርም። ባለመኪናው ወርዶ፣ ጭንቅላቱን ይዞ «ወላሂ አላየሁትም!» ይላል። የተሰበሰበው ሰው ደግሞ «ዓይንህ የት ነበር?» ብሎ ይጮህበታል። ሰዉ ይህን መልስ እንደ ማምለጫ ነው የሚቆጥረው። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው እውነቱን ነው። ወደ እኛ አቅጣጫ ዞሮ አይቷል፤ እኛን ግን አላየንም።

ይህ የጅማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሃሪ ሀርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሎስ አንጀለስና አካባቢዋ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ አጥንቷል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የከለከለው ባለመኪናው ነበር። ዋናው ምክንያት ደግሞ ሞተረኛውን አለማየት ወይም ዘግይቶ ማየት ነው።

ጥፋቱ የሹፌሩ ቢሆንም አጥንቱ የሚሰበረው የእኛ ነው። ከታች ያሉትን ስህተቶች የማነሳውም ሞተረኛን ለመውቀስ አይደለም። በእኛ እጅ ያለው ይህ ስለሆነ ነው።

«አይቶኛል» ብሎ መንዳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

በዋናው መንገድ እየመጣችሁ ነው እንበል። ከጎን ካለ ቅያስ አንድ ሚኒባስ አፍንጫውን አውጥቶ ቆሟል። ሹፌሩ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሯል። ዓይን ለዓይን የተገጣጠማችሁ ይመስላችኋል። ተረጋግታችሁ ፍጥነታችሁን ትቀጥላላችሁ። ልክ ስትደርሱ ይወጣል።

ለምን? ዓይናችን ግራና ቀኝ ሲቃኝ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየዘለለ ነው የሚሄደው። በዝላዩ መሃል አእምሮ ጥርት ያለ ምስል አይቀበልም። መኪና ትልቅ ስለሆነ አንዱ ጋ ቢያመልጥ ሌላው ጋ ይያዛል። ሞተር ቀጭን ነው፤ በሁለቱ መሃል ያልፋል። በዚያ ላይ ከመኪናው የፊት መስታወት ግራና ቀኝ ያለው ቋሚ ብረት አለ። ከውጭ ሲያዩት ቀጭን ይመስላል። ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠው ሹፌር ግን ትንሽ ራቅ ያለን ሞተረኛ ከነሞተሩ ሊሸፍንበት ይችላል።

ሌላም አለ። ወደ ሰው በቀጥታ የሚመጣ ሞተር ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲንቀሳቀስ አይታይም። ባለበት የቆመ ይመስላል። ቀስ እያለ ይተልቃል፣ ከዚያ በመጨረሻዋ ሰዓት በአንዴ ይገዝፋል። ትንሽ ነገር ደግሞ ሩቅ ያለና ዝግ ብሎ የሚመጣ ይመስላል። ሹፌሩ ቢያየን እንኳ «ገና ነው፣ ቀድሜው እገባለሁ» ሊል ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ግን በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል።

ስለዚህ ቅያስ አፍ ላይ የቆመ መኪና፣ ወይም ከፊታችሁ ወደ ግራ ሊታጠፍ የሚጠብቅ መኪና ስታዩ ነዳጅ ቀንሱ። ጣታችሁ ፍሬን ላይ ይረፍ። ስፖኪዮ አይታችሁ ከኋላ ሰው ከሌለ፣ ከመስመራችሁ ሳትወጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። የሰው ዓይን ወደ ጎን የሚሄድን ነገር ቶሎ ይይዛል። ይህቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ከጥሩምባ ትበልጣለች።

የሹፌሩንም ዓይን አትመኑ፤ ጎማውን እዩ። ይህ ምክር ጅማ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ለባጃጅ ነው። ዝናብ ሲጀምር ባለባጃጁ የጎን ሸራውን ያወርዳል። ሸራው ላይ የተሰፋችው ፕላስቲክ መስኮት ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሆናለች፣ ተቧጭራለች፣ ውሃ ይወርድባታል። ቢፈልግ እንኳ በዚያች በኩል አጥርቶ ሊያየን አይችልም። መንገድ ማዶ ያለ ተሳፋሪ «ባጃጅ!» ብሎ ሲጠራው ግን ወዲያው ነው የሚዞረው። የባጃጅ የፊት ጎማ አንዲት ናት። ባጃጁ ከመዞሩ በፊት እሷ ትዞራለች። መርካቶ ወይም አጂፕ አካባቢ ዳር የቆሙ ባጃጆችን ስታልፉ ዓይናችሁ እሷ ላይ ይሁን። ዘወር ስትል ካያችኋት ግማሽ ሰከንድ አተረፋችሁ ማለት ነው፤ ለፍሬን ግማሽ ሰከንድ ብዙ ነው።

መብራትን ለማታ ብቻ ማስቀመጥ

በቀን መብራት አብርቶ የሚነዳ ሞተረኛ ጅማ ላይ ጥቂት ነው። አንዳንዱ «ባትሪ ይጨርሳል» ይላል። ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ባትሪውም እየተሞላ ነው። ጤነኛ ሞተር በመንገድ ላይ መብራቱ በርቶ ቢውል ባትሪው አይሞትም። ከሞተ ችግሩ ቻርጅ አደራረጉ ላይ ነው፤ እሱን ማሳየት ነው። ሌላው ደግሞ የሚያፍር ነው። መንገደኛው ሁሉ «መብራት! መብራት!» እያለ በእጁ ያሳየዋል። ይበል። አመስግናችሁ እለፉ። መብራታችሁን ያየ ሰው እናንተንም አይቷል።

ኒውዚላንድ ውስጥ በኦክላንድ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። በቀን መብራት የሚያበሩ ሞተረኞች ለከባድ አደጋ ያላቸው ተጋላጭነት ከማያበሩት በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ማብሪያውን ከመጫን ሌላ ምንም ወጪ የለውም።

ምሽት ላይ ደግሞ ጅማ የራሷ ነገር አላት። ከምድር ወገብ ያላት ርቀት 8 ዲግሪ አይሞላም። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ አይቆይም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድብን ብሎ ይጨልማል። «ትንሽ ሲመሽ አበራለሁ» ያለ ሰው ሳያስበው ጨለማ ውስጥ ይገባል።

ረጅም መብራት ግን መፍትሔ አይደለም። ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውረዋል፤ የታወረ ሹፌር ደግሞ ርቀታችንን መገመት አይችልም። ጠዋት ጉም ሲኖር ብርሃኑ ወደ ራሳችን ስለሚመለስ እኛንም ይጋርደናል። አጭሩ ይበቃል።

ሰደሪያውን ከዝናብ ልብስ ሥር መልበስ

ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እዚህ የዝናብ ልብስ የሌለው ሞተረኛ ሞተረኛ አይባልም። ችግሩ የዝናብ ልብሱ ቀለም ነው። ጥቁር፣ ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይም የወታደር አረንጓዴ ነው። ሰውየው አንጸባራቂ ሰደሪያውን ለብሶ ከቤት ይወጣል። አዌቱ ድልድይ ጋ ሲደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ቆሞ የዝናብ ልብሱን ከላይ ይደርባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚሄድ ጥቁር ነገር ነው። ሹፌሮች መስታወታቸው በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ዋይፐራቸው እየተወዛወዘ፣ ለማየት በጣም በሚቸገሩበት ሰዓት እሱ ጠፋ።

ሰደሪያው ሰፋ ያለ ይሁንና ከዝናብ ልብሱ በላይ ይለበስ። የጀርባ ቦርሳ የምታዝሉም እንደዚሁ ናችሁ። ቦርሳው የሰደሪያውን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን አንጸባራቂ ተለጣፊ ቦርሳው ላይ አድርጉ።

ስለ ሰደሪያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ያሳስተዋልና። ደማቁ ቢጫ ጨርቅና ብርማው መስመር ሥራቸው ለየብቻ ነው። ደማቁ ጨርቅ የቀን ነው። ከፀሐይ የሚመጣውን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን ይመልሳል፤ ደመናማ ቀን ላይ ጭምር ደምቆ የሚታየው ለዚህ ነው። ማታ ፀሐይ የለችም፣ ስለዚህ እሱም ተራ ጨርቅ ይሆናል። ማታ የሚሠራው ብርማው መስመር ነው። የመኪናን መብራት ተቀብሎ መብራቱ ወደ መጣበት ይመልሳል። የጅማ ቀይ ጭቃ ከተለጠፈበት ግን የሚመልሰው ብርሃን ይቀንሳል። በየጊዜው እጠቡት።

«ቀይ ጃኬት አለኝ፣ ይበቃል» ለሚሉም፦ ቀይ በቀን ደማቅ ነው። ሲመሽ ግን ለሰው ዓይን መጀመሪያ የሚጠቁረው ቀለም እሱ ነው። ሄልሜት ስትገዙ ደግሞ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ምረጡ። ያው የኒውዚላንዱ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ከጥቁር ሄልሜት ባለቤቶች ተጋላጭነታቸው በ24 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት ደግሞ በ37 በመቶ። ጥቁር ሄልሜት ያላችሁ አዲስ መግዛት የለባችሁም። ከኋላው አንጸባራቂ ተለጣፊ ማድረግ ይበቃል።

ትልቅ መኪና ጀርባ መደበቅ

ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲኖትራክ ወይም የተጫነ አይሱዙ ከፊት ሲኖር ብዙ ሞተረኛ ተጠግቶ ይከተላል። ለመቅደም ምቹ ሰዓት እየጠበቀ ነው። እዚያ ሳለ ግን ማንም አያየውም። የመኪናው ሹፌር ስፖኪዮ ውስጥ የለም። ከፊት የሚመጣውም የሚያየው መኪናውን ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ትልቁ መኪና እንዳለፈ ወደ ግራ ሊታጠፍ ካሰበ፣ የሚታጠፈው እኛ ላይ ነው።

ቢያንስ በሁለት ሰከንድ የምትጓዙትን ያህል ራቁ፤ ሲዘንብ በአራት። ከኋላው ሆናችሁ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ማየት መቻል አለባችሁ። ፊቱ ካልታያችሁ እናንተም አትታዩትም። በጎኑ ስታልፉ ደግሞ አትቆዩ። በተለይ በቀኝ በኩል በር ሥር የሚቀር ሞተር ለሹፌሩ የለም። አደባባይ ላይ በቀኝ ሾልኮ መግባትን ፈጽሞ ተዉት።

ጀምበር ከየት እንዳለች አለማሰብ

አጋሮ ከጅማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ነች። አመሻሽ ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚመለስ ሞተረኛ ጀምበር ከጀርባው ነች። መንገዱ ለእሱ ፍንትው ብሎ ይታየዋል። ስለዚህ ተመችቶት ይፈጥናል። ከፊቱ የሚመጣው የዶልፊን ሹፌር ግን ጀምበሯን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚነዳው። ሞተረኛው ለእሱ በብርሃን ውስጥ የጠፋ ጥላ ነው።

መለያው ቀላል ነው። የራሳችሁን ጥላ እዩ። ጥላችሁ ከፊታችሁ ረዝሞ ከተዘረጋ፣ ጥላው ባመለከተበት በኩል ያለ ሹፌር ሁሉ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታለች። እንደማያያችሁ ቆጥራችሁ ንዱ። ጠዋት ወደ አጋሮ ስትወጡም እንደዚያው ነው።

ፍሬቻ ረስቶ መሄድ

አጭር ነው፣ ግን ያጋጫል። የብዙ ትንንሽ ሞተሮች ፍሬቻ እንደ መኪና በራሱ አይጠፋም። ከተጠመዘዛችሁ በኋላ እየበራ ከቀጠለ፣ ቀጣዩ ቅያስ ላይ ያለው ሹፌር «ወደ እኔ ሊገባ ነው» ብሎ ይወጣል። አይቷችኋል፤ የነገራችሁት ነገር ግን ስህተት ነው። ጠምዝዛችሁ እንደጨረሳችሁ አውራ ጣታችሁ ማጥፊያውን ይጫን፣ ልማድ አድርጉት።

የኋላውን መርሳት

ከፊት የሚያስፈራን ይታየናል። ከኋላ የሚመጣውን ግን የምናምነው መብራታችንን ነው፤ መብራቱን ደግሞ እኛ አናየውም።

በገበያ ቀን ሞተር ላይ የሚጫነውን አስቡት። የቡና ጆንያ ከመቀመጫው ኋላ ይታሰራል። ጆንያው ሲታሰር ልክ ነው። ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሄድ ግን ዝቅ ይላል፣ አፉ ይንጠለጠላል፣ የኋላ መብራቱ ላይ ይወድቃል። ባለሞተሩ አያውቅም። ሰው ስትጭኑም ተመልከቱ። ነጠላ ወይም ረጅም ልብስ የለበሱ እናት ሲሳፈሩ ጫፉ መብራቱን ይሸፍናል፤ ሰንሰለት ውስጥም ሊገባ ይችላል። «እማማ፣ ነጠላዎን ከሥርዎ ሰብሰብ ያድርጉልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ አለ። ከኮረኮንች ወጥታችሁ አስፋልት ስትገቡ አንዴ ቆማችሁ የኋላ መብራቱን፣ ታርጋውንና ሪፍሌክተሩን በጨርቅ ጥረጉ።

ማርሽ በመቀነስ ብቻ ፍጥነት ስትቀንሱም የፍሬን መብራት አይበራም። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ፍጥነት እንደቀነሳችሁ የሚያውቀው ሲደርስባችሁ ነው። ፍሬኑን በትንሹ ነካ ነካ አድርጉት፤ ሳይዝ መብራቱ ይበራል።

መብራቱ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ሰው አያስፈልግም። ማታ ሞተሩን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥታችሁ አቁሙ። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ብቻ፣ ቀጥሎ የእግሩን ብቻ ያዙ። በሁለቱም ቀዩ ብርሃን ግድግዳው ላይ ጎላ ማለት አለበት። ባንዱ ብቻ ከጎላ አምፖሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው የዚያኛው ፍሬን ማብሪያ ነው። ትንሽ ዕቃ ነች። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ጋራዥ አስቀይሯት።